የጣት ቆጣሪው ጓንት

ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ የእንጨት ሥራ ቤቱን በር ሲከፍት ቀድሞ የገባው መጋዝ ሠራተኛው ነበር። አለቃውን ክብ መጋዙ ፊት በጀርባው ተንጋሎ አገኘው። ደረቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። አጠገቡ የተሰነጠቀ ሳንቃ ወድቋል፤ በሁለቱም እጆቹ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቋል።

መርማሪዋ ስትደርስ ባለቤቱ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ከቢሮው ወጥቶ በሩ ላይ ጠበቃት።

«እሑድ ብቻውን ገብቶ ሲሠራ ሳንቃው ከምላጩ ተፈናጥሮ መታው» አላት። «ቸኩሎ ነው። ጥንቃቄ ጎደለው ወንድሜ።»

«ቸኩሎ አያውቅም፣ ጋሼ» አለች የሟቹ ሚስት። ያላለቀ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ድምጿን አላነሣችም። ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ጥፋቱ የራሱ ከሆነ ይነገረኝ፤ እችለዋለሁ። ልጄ ስትጠይቀኝ ግን የምነግራት እውነት መሆን አለበት።»

መርማሪዋ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። ምላጩን የሚሸፍነው ክዳን በቦታው ታስሯል። ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ንጹሕ ነው። ወለሉ፣ ጠረጴዛው፣ የመብራቱ ገመድ ሳይቀር ብናኝ ለብሰዋል። ቀጥላ አንዱን ጓንት ሳበችው። ያለ ችግር ወጣ። የሟቹ ጣቶች ላይ ነጭ ሙጫ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

መጋዝ ሠራተኛውን ወደ ጓሮ ጠራችው።

«ቅዳሜ ተጣልታችኋል አሉ።»

«ለዕለቱ አባሮኛል፤ ምን እክዳለሁ? እጄን በርዶኝ ጓንት አድርጌ ማሽኑ ጋ ቀረብኩ። ‹ምላጩ ጓንቱን ከያዘ ክንድህንም ይዞ ነው የሚሄደው፤ ውጣልኝ!› አለኝ በሰው ፊት። ከሥራ ስንወጣ እኮ ጣታችንን ይቆጥር ነበር። ‹አሥር ናቸው? ሂድ በቃ፤ ነገም ይዘሃቸው ና!› ጣት ቆጣሪው ነበር የምንለው።» ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«እሑድስ?»

«የእናቴን ጣሪያ ስጠግን ዋልኩ። ሰፈሩን ሙሉ ይጠይቁ።»

«ይህ ሙጫ በስንት ጊዜ ይደርቃል?»

«ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ማንም ጠረጴዛውን ሊነካ አልደፈረም።

«ሟቹ እንጨት እየሰነጠቀ አልነበረም» አለች። «እጁ ላይ ሙጫ አለ፤ እዚያ ኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወንበር እያጣበቀ ነበር። ማሽኑ ላይ የነበረው ሌላ ሰው ነው። ክዳኑ ውስጥ ብናኝ የለም። ሳንቃው ሲሰነጠቅ ክዳኑም፣ ከምላጩ ጀርባ ስንጥቁን ከፍቶ የሚይዘው ብረትም ተነቅለው ነበር፤ የተመለሱት በኋላ ነው ማለት ነው። እንጨቱ ምላጩን ጨመቀው፤ ምላጩም መልሶ ወረወረው። የሚሰነጥቀውን በጎኑ አልፎ ከኋላ የቆመውን መታ።»

«ጓንቱስ?» አለ መጋዝ ሠራተኛው።

«ሙጫውን ለመሸፈን ነው። አንተ ብትሆን ኖሮ ጓንት አታጠልቅለትም ነበር፤ ቅዳሜ የተባረርክበት ነው። ጎረቤቶችህንም ጠይቄያለሁ። መጋዝ ላይ ጓንት ጥንቃቄ የሚመስለው ከቢሮ ለወጣ ሰው ነው። የዚህ በር ቁልፍ ያለውም ከሟቹ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ባለቤቱ ግድግዳውን ተደገፈ።

«የደንበኛ ትእዛዝ ለዛሬ መድረስ ነበረበት» አለ ቀስ ብሎ። «ክዳኑ ያዘገየኛል ብዬ ነቀልኩት። አጠገቤ መጥቶ ‹መልሰው› አለኝ፤ ሰምቼዋለሁ። ልገድለው ብዬ ግን አይደለም!»

«አውቃለሁ። ነገር ግን ሙጫው ከጓንቱ ጋር አልተጣበቀም። ጓንቱ ሲጠልቅለት ደርቆ ነበር። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አልፏል።»

ሚስቲቱ ከወንበሩ ተነሣች።

«በዚያ ግማሽ ሰዓት ነፍሱ ነበረች?»

ባለቤቱ ዓይኑን ወደ ማሽኑ አዞረ።

«ተናግሮ ነበር ወይ?»

«‹ማሽኑን አጥፋና ሰው ጥራልኝ› አለኝ።»

«እና?»

«ማሽኑን አጠፋሁት።»