ከሽንሌ የመጣው ሞተር

በ2001 ዓ.ም. የጋሽ ሱዕዲ አሮጌ ላንድክሩዘር ከሸደር ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ሞተሩ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ቆመ። ጅግጅጋ ድረስ ተጎትቶ ገባ።

ጋሽ ሱዕዲ ከስልጤ መጥተው በዚያች ከተማ ሃያ ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው። መካኒኮቹ ሁሉ «ይህ ሞተር ከእንግዲህ አይሠራም» ሲሏቸው ተስፋ ቆረጡ።

«ለቁራጭ ብረት ሸጠናት አገራችን እንግባ» አሉ።

ልጃቸው ሪሐና ግን ከጅግጅጋ መሄድ አልፈለገችም፤ ምክንያቷንም ለማንም መናገር አትችልም ነበር። ምክንያቷ ጀዕፈር ነው።

ጀዕፈር ከኮምቦልቻ የመጣ መካኒክ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናብ አባሯት ከጋራዡ ታዛ ሥር ተጠለለች። እጁ በግራሶ ተለውሶ ስለነበር ወንበሩን በክርኑ እየገፋ አቀረበላት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታቸው እየረዘመ ሄዶ ነበር።

መኪናዋ ልትሸጥ መሆኑን ሲሰማ ቤታቸው ድረስ መጣ።

«ጋሽ ሱዕዲ፣ አይሽጧት። ሽንሌ ተገልብጣ የቆመች አንዲት ላንድክሩዘር አለች። አካሏ አልቋል እንጂ ሞተሯ ደህና ነው። አምጥቼ ልግጠምልዎ።»

ጋሽ ሱዕዲ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አባዬ፣ እመነው» አለች ሪሐና። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

ሥራው ስድስት ቀን ፈጀ። አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተነሥቶ ወጣ። የሽንሌው ሲገባ መያዣው አልገጥም አለ፤ ጀዕፈር ቆርጦ በየደው። ሪሐና ምሳ እያደረሰች፣ ሳህኑ ባዶ ከሆነ በኋላም ትቆይ ነበር። በሰባተኛው ቀን ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ፣ ጭስ ተፍቶ ተነሣ።

በሳምንቱ ግን ኬላ ላይ ፖሊሶች መኪናዋን አስቆሙ። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አልገጣጠም አለ። «የተሰረቀ ሊሆን ይችላል» ተብሎ መኪናዋም ጋሽ ሱዕዲም ጣቢያ ገቡ።

በማግስቱ የጀዕፈር ጋራዥ ተዘግቶ ተገኘ። ስልኩም አይሠራም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሸሽቷል» አለ።

ሪሐና ምግብ ይዛ ጣቢያ ስትሄድ አባቷ አላፈጠጡባትም፣ አልተቆጧትም። «እመነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ» ብቻ አሉ። ያን ቀን እሷም ጎረቤቶቹ ያሉትን ማመን ዳዳት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ሳለ ከአንድ ሚኒባስ ጀዕፈር ወረደ። ፊቱ አቧራ ለብሷል። ከኋላው በዕድሜ የገፉ ሶማሌ ሴት፣ ወረቀት የሞላ ፌስታል ይዘው ይከተሉታል።

ሴትዮዋ ኻድራ ይባላሉ፤ የተገለበጠችው መኪና ባለቤት ናቸው። ዘመድ ጥየቃ ሄደው ኖሮ ጀዕፈር ከሽንሌ አፍደም ድረስ ሲፈልጋቸው ሰንብቷል።

«ሞተሩን የሸጥኩለት እኔ ነኝ» አሉ ወደ ውስጥ ገብተው ለመርማሪው። «ይኸው ሊብሬዬ።»

«ውል ሳልጽፍ መግዛቴ የኔ ጥፋት ነው» አለ ጀዕፈር።

መርማሪው ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበ አመሳከረ። አንድም አኃዝ አልተዛነፈም። «ሰውየውን ፍቱ» አለ።

ሪሐና በር ላይ ሆና ይህን ሰማች። ጀዕፈር ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?»

«ባላገኛቸውስ? በባዶ ተስፋ ላስቀምጥሽ አልፈለግኩም።»

አንገቷን ደፋች። «ትናንት እኔም ተጠራጠርኩህ።»

«እንኳን ትናንት ሆነ» አለ ጀዕፈር። «ዛሬ ቢሆን ይከፋኝ ነበር።»

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡ።

ጋሽ ሱዕዲ ከውስጥ ወጥተው ሁለቱንም አዩአቸው። «ስማ ልጄ» አሉት ጀዕፈርን። «ሁለተኛ ያለ ውል ምንም ነገር እንዳትወስድ።»

«እሺ፣ ጋሽ ሱዕዲ።»

«ይህችንም ጭምር።»

ሪሐና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ኻድራ የተባለውን ሲረዱ እጃቸውን አጨብጭበው ሳቁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀዕፈር የላካቸው ሽማግሌዎች መጡ። የልጅ አባት በወጉ ቀጠሮ እየሰጠ ደጋግሞ ማመላለስ አለበት። ጋሽ ሱዕዲ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ለሽማግሌዎቹ የቀረበው ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ፣ «ሰጥቻለሁ» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችው ሪሐና ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀችው።