ለእኔ ሲል የዘገየው ሯጭ

ላውታሮን ያወቅሁት በሌላ ሰው ቁጣ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ግማሹ የቦነስ አይረስ ሰው ወንዙ ዳር ወዳለው ረግረጋማ ፓርክ ልሮጥ ሄጄ፣ በሩ ላይ የጫማዬን ክር አስራለሁ። አንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል መርጠው «አንቺ ቀጭኗ! ነይ እስቲ!» ብለው ጮኹብኝ። ስማቸው ኦስማር ነው። ዓይነ ስውራን ሯጮችን ያሠለጥናሉ፤ የዚያን ቀን አንዱ መንገድ መሪ ቀርቶባቸዋል።

«እኔ መሪ አይደለሁም፤ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው» አልኳቸው።

«ታዲያ ዳቦ ቤት የሚሠራ ሰው አያይም?»

አጭር ገመድ አመጡና አንዱን ጫፍ ለእኔ፣ ሌላውን ጥቁር መነጽር ላደረገ ረጅም ሰው ሰጡት። «እንዳትጎትቺው። ጎን ለጎን ሩጪ፣ መንገዱን ንገሪው። በቃ።»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ላውታሮ እባላለሁ። ውሃ ውስጥ እንዳትከቺኝ ብቻ፣ ቀጮ፤ ዋና አልችልም።»

ቀጮ እንዳለኝ በዚያው ቀረ። በስሜ ሮሚና ብሎ የሚጠራኝ ሲናደድ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜም እሑድም አብረን ሆንን። መንገዱ ረጅም ነው፤ በሸንበቆው መሃል ገብቶ ወንዙ ዳር ይወጣል፣ ኩሬዎቹን ዞሮ ወደ በሩ ይመለሳል። «ጉድጓድ በግራ»፣ «ጭቃ»፣ «ብስክሌት መጣ» እላለሁ። በየመሃሉ ይጠይቀኛል።

«አሁን ምን ይታያል?»

«አዞ።»

«ሂጂ ወዲያ! እዚህ አዞ የለም።»

«እሺ፣ እንሽላሊት ነው። ግን ድመት ያክላል። መንገዱ መሃል ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል፤ የሚነሣም አይመስለኝ።»

«እንግዲያው እኛ እንዙርለታ።»

ሲስቅ ገመዱ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔም ልብ አብሮ። አላጋንንም፣ በዚያ ገመድ ነው የወደድኩት። ልንገረው እልና እፈራለሁ። ሰውየው በእኔ ዓይን ነው የሚሮጠው፤ ብነግረውና ባይወደኝ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ገመዱን በምን ፊቴ ልይዘው ነው? ስለ ጭቃውና ስለ ብስክሌቱ ብቻ ነገርኩት።

ደግሞ እየጎበዝኩ ነበር! መጀመሪያ ወንዙ ዳር ሳንደርስ ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር፤ በኋላ ዙሩን እያወራሁ መጨረስ ጀመርኩ። ዳቦ ቤት ጉራዬን ነዛሁት፤ ደንበኛ እንኳ አልቀረኝም።

አንድ እሑድ ኦስማር ማቴ የሚባለውን ሻያቸውን እየመጠጡ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ላውታሮ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ እንደሚወዳደር ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል። ይገባል!»

«ካንቺ ጋር አይገባም።»

ክው አልኩ።

«ትንፋሽሽ ሲያጥር ይሰማዋል። ያኔ ይዘገያል። እኔ ሰዓት እይዛለሁ እኮ፣ ልጄ። ኤሴኪዬል የሚባል ፈጣን መሪ አግኝቼለት ነበር፤ ሮሳሪዮ ከተማ ወስዶት እስከ ምርጫው አብረው ይለማመዳሉ። ላውታሮ ግን እምቢ አለኝ። ይሄ ካመለጠው ደግሞ በዚህ ዕድሜው ሌላ ዕድል አያገኝም።»

ለካ እኔ አልጎበዝኩም። እሱ ነው የዘገየው! እፍረቱም፣ ንዴቱም፣ ደስታውም ተደባልቆ አናቴ ላይ ወጣ። በሩ አጠገብ፣ ቋሊማ ጠባሾቹ ጋ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አንተ! ለእኔ ብለህ ነው የምትዘገየው?»

የያዘውን ቋሊማ መግመጡን ቀጠለ።

«መልስልኝ!»

«ፈጥኜስ የት ልደርስ ነው፣ ሮሚና?»

«ቡድኑ ውስጥ ነዋ! ስንት ዓመት የለፋህበት!»

«አውቃለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «ካንቺ ጋር ስሮጥ ቡድኑን አጣለሁ። ቡድኑን ብል አንቺን አጣለሁ። እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?»

እግር ከገበያ አይገዛ! ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስወጣ ብቻዬን እየሮጥኩ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ አበጠ እንጂ ፍጥነት የሚባል ነገር አልመጣም። አቃተኝ። በቃ፣ አቃተኝ።

ቅዳሜ ከኦስማር ጋር ተማክሬ መጣሁና ገመዱን እንዳነሣን ለላውታሮ ነገርኩት። «ኤሴኪዬል ወንዙ ዳር ይጠብቅሃል። እዚያ አስረክብህና ዛሬውኑ ሮሳሪዮ ትሄዳለህ። እስከዚያ በራስህ ፍጥነት ሩጥ። ከእንግዲህ ለእኔ ብለህ እንዳትዘገይ። ማልልኝ።»

ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «እናቴን።»

ወይ ጉድ! ለካ እንዲህ ነበር የሚሮጠው! ሸንበቆው በጎናችን ወደ ኋላ ይከንፋል። «ጉድጓድ» የምትለዋን ቃል እንኳ በጭንቅ ነው ያወጣኋት። ገመዱን ከማስረከቤ በፊት እወድሃለሁ ልለው ሳምንቱን ሁሉ ስለማመድ ከርሜ ነበር። መታጠፊያው ላይ ኤሴኪዬል ታየኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ የለም። ደግሜ ሞከርኩ። የወጣው ሳል ብቻ ነው።

ላውታሮ ግን ትንፋሽ ተርፎታል። «አትድከሚ፣ እኔ ልበለው» አለ። «እወድሻለሁ፣ ቀጮ።»

ኤሴኪዬል አጠገባችን ደርሶ እየሮጠ እጁን ዘረጋ፤ ገመዱን ለቀቅኩ። ወዲያው ከዓይኔ ተሰወሩ። እኔ ጉልበቴን ይዤ አየር እለቃቅማለሁ፤ መልሴን ሳልነግረው ቀረሁ። ሮጬ አልደርስበት፣ ጮኼ አይሰማኝ። መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላፊው ሯጭ ሁሉ «ጡንቻሽ ነው ያመመሽ?» እያለ ይጠይቀኛል።

ሁለቱ ሮሳሪዮ ከመሄዳቸው በፊት ኦስማር ሁለት ዙር አዘዋቸዋልና ተመልሰው በዚያው ማለፋቸው አይቀርም። ከመጠበቅ በቀር ምንም አልቀረኝም። ቆይተው ከሸንበቆው ጀርባ ብቅ አሉ። ተነሣሁ። ሁልጊዜ ጎኑ ስለነበርኩ ሲሮጥ ከፊት ለፊት አይቼው አላውቅም፤ እንዴት እንደሚያምር! አጠገቤ ሲደርስ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ ጮህኩ።

«እኔም! ላውታሮ፣ እኔም!»

ኤሴኪዬል ደንግጦ ዞረ። ላውታሮ ነፃ እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ፊቱ በሳቅ በራ። ግን ምሎልኛል፤ እግሩ ቅንጣት ታህል አልዘገየም። አለፈኝ።

እንዲቆም አልፈለግኩም። ውሸቴን ነው፤ ፈልጌ ነበር።