ነጭ የተቀባው ካርቱን

ካርቱኒስቱ ጭንቅላቱን ተመትቶ የስዕል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ሚስቱ ቀና ልታደርገው ስትታገል እጇ በደም ተነክሮ ስለተገኘች፣ ፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው በካቴና አስረዋታል። ጦርነት ነውና ነፍሰ ገዳይ የሚቀርበው የጦር ፍርድ ቤት ነው፤ ቅጣቱም ሞት፣ ይግባኝ ብሎ ነገር የለም።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ ከሬሳው ይልቅ ዓይኗን የሳበው ስዕሉ ነበር። ስዕሉ ላይ የምርጫው እጩ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይለፍፋል። ከእግሩ ስር ነጭ ቀለም ብቻ ነው። ቀለሙ ከተረጨው ደም ጋር ተለውሶ ሮዝ ሆኗል፤ ብሩሹም እንዲሁ። ሰውየው ከተመታ በኋላ የተቀባ ነው ማለት ነው። ጥቂቱን በጥፍሯ ፍቃ አየችና ስዕሉን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ሚስቱን፣ ካርቱኖቹን የሚያትመውን ጋዜጣ አዘጋጅና ጠዋት መጥቶ ሟቹን ሲያስፈራራ የነበረውን የእጩውን ቀስቃሽ አንድ ላይ ሰበሰበች።

«የመጨረሻውን ስዕል ማን አይቶታል?»

ሦስቱም አላየንም አሉ።

«እሺ፤ እጃችሁ ቢገባ ምን ታደርጉት ነበር?»

«አቃጥለው ነበራ፣ እህቴ» አለ ቀስቃሹ እየሳቀ።

«እኔ ብጭቅጭቁን ነበር የማወጣው» አለች ሚስቱ። «ተው፣ ይገድሉሃል እያልኩ ስንቴ ለመንኩት።»

አዘጋጁ ላቡን ጠረገ። «እኔማ ገጹ ባዶ እንዳይወጣ ሬሳ ሳጥኖቹን አጥፍቼ አትመው ነበር። ሥራዬ ነው።»

«የቱን ሬሳ ሳጥን?»

መርፌ ስዕሉን አወጣች።

«ቀስቃሹ ቢሆን ይዞት ይሄድ ነበር። እሷ ብትሆን ትቀደዋለች። ሰው ገድሎ ቁጭ ብሎ እርማት የሚሠራ፣ ገጽ መሙላት ያለበት ሰው ነው። እርስዎ የእሷን ኮቴ ሲሰሙ ስዕሉን ጥለው በጓሮ በር ወጡ። እጩው የወታደሮች ሬሳ ሳጥን ላይ መቆሙን እኔ ያወቅኩት ቀለሙን ፍቄ ነው። እርስዎ ግን የቀቡት ራስዎ ነዎት።»

«ጋሼ» አለች ሚስቱ፣ «አብራችሁ አይደል ያረጃችሁት?»

«ልጄ ግንባር ነው» አለ አዘጋጁ። «እንዲህ ያለ ስዕል ካልወጣ እጩው ያስመልስልሃል አሉኝ የእሱ ሰዎች። ባልሽን ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ።» ወደ ቀስቃሹ ዞረ። «ይኸው ስዕሉ አልወጣም። ልጄ ይመለሳል፣ አይደል?»

ቀስቃሹ ኮቱን እያስተካከለ ተነሳ። «ጋሼ፣ ይሄንን ያላልነው አዘጋጅ የለም። ለመሆኑ የልጅዎን ስም ማን ጠይቆዎት ያውቃል?»

ይህን ብሎ ወጣ። ካቴናው ከሚስቲቱ እጅ ወደ አዘጋጁ እጅ ሲዛወር፣ ሽማግሌው የልጁን ስም ከነክፍለ ጦሩ ለተዘጋው በር እየደጋገመ ይናገር ነበር።