የሚታጠፈው ከዘራ

«ዛሬም አይነሳም?» አለች የሻሽወርቅ፣ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ እያሸች።

ሆሣዕና ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም። ከወዲያ በኩል የሚጠራ ነገር የለም፤ ቁጥሩን ጭራሽ አልነካችውም። «ኔትወርክ ነው እማዬ» አለች። «አዳማ በሙሉ ጠፍቷል አሉ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«አዎ... እየሠሩት ነው መሰለኝ።»

የሻሽወርቅ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከአሥራ አራተኛ ፎቅ ቁልቁል ሲያዩት የቶሮንቶው የክሬሰንት ታውን ሰፈር ሰው ሁሉ ጉንዳን ያህላል። «አባባ ይሄኔ ‹ካናዳ ገባችና ረሳችኝ› እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ያስቃል» አለችና ራሷም ሳቀች።

የአሥራ አራት ዓመቷ ሆሣዕና መሳቅ አቃታት። እንዴትስ ትሳቅ? አባባ ገብረእግዚአብሔር፣ አያቷ፣ እሑድ ዕለት አርፈዋል። ሰኞ ተቀብረዋል። ዛሬ ረቡዕ ሠልስታቸው ነው። ይህንን አባቷ ያውቃል፤ ቤቷ የተቀበለቻቸው አክስቷ ታውቃለች፤ የአክስቷ ልጅ ማያም ታውቃለች። በዚያ ቤት ውስጥ የማታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም የሟቹ ልጅ።

ጉዞው ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ሲነሱ፣ ቪዛውን ሁለት ዓመት ጠብቀው ስላገኙት፣ አባቷ ያሬድ እንኳ እንደ ልጅ ይቦርቅ ነበር። ቶሮንቶ በገቡ በሁለተኛው ቀን ከከተማው ፊት ለፊት ወዳለው ደሴት በጀልባ ሲሻገሩ የሻሽወርቅ የከተማውን ፎቅ ፎቶ አነሳለሁ ብላ ስታዘነብል ስልኳ ከእጇ አመለጠና ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል። እሷ ግን «በቃ፣ ከእንግዲህ ዓሣዎቹ ይደውሉልኝ!» ብላ ጀልባውን ሙሉ አሳቀች። የያሬድ ስልክ እዚያ ስላልሠራ፣ ከዚያ ወዲህ አዳማ ስትደውል በሆሣዕና ስልክ ሆነ። እንግዲህ መዘዙ የመጣው ከዚያች ስልክ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከእናቷ ወንድም ከእዝራ መልእክት ገባ። «ሆሲዬ፣ ስልኩን ለአባትሽ ለብቻው ስጪልኝ። እናትሽ እንዳትሰማ።» ሆሣዕና ገና ሳትሰጠው ገብቷት ነበር። «እንዳትሰማ» የሚባል ነገር ደህና ሆኖ አያውቅም።

ያሬድ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን ወደሚሽከረከረው ማሽን አዙሮ አለቀሰ። ከዚያ በሰው ፎጣ ዓይኑን ጠረገ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ዓርብ እንሳፈራለን፤ ቅዳሜ እንገባለን። አጎትሽና የዕድሩ ሽማግሌዎች ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። ፍራሽ ተነጥፎ፣ ዘመድ ከቧት ትስማ። በሰው አገር መርዶ ነግሬ የት አባቴ ላስቀምጣት? ቀብሩ እንደሆነ አይደረስበትም።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ትሳቅልኝ። አንቺ ስልኩን ያዢ።»

አክስቷ ፍቅርአዲስም ከወንድሟ ጋር ተስማማች። የራሷ ስጋትም ነበራት። «ባለፈው ክረምት ሰባተኛ ፎቅ ላለች ለአንዷ መርዶ ነገሯት። ሴትዮዋ ስትጮኽ ጎረቤቱ ናይን ዋን ዋን ደወለ። ፖሊስ መጥቶ ‹ማን መታሽ?› ይላታል። ሰው አባቷ ሞቶባት ‹ማን መታሽ› ትባላለች? ኧረ አገሯ ትግባ!»

ልጆች፣ ይኼ ከክፋት የመጣ አይደለም። የኛ ሰው መርዶን እንደ ትኩስ ወጥ ነው የሚይዘው፤ አንዱ ላይ እንዳይፈስ ብዙ እጅ ይደግፈዋል። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚያቅፍ ተዘጋጅቶ ይነገራል። ነገር ግን እጅ ሁሉ ድስቱን ሲደግፍ፣ ክዳኑን ተጭና የምትይዘው አንዲት ልጅ ነበረች። ጣቷም እየተቃጠለ ነበር።

ያን ረቡዕ ሦስቱ፣ እናትና ልጅ ከማያ ጋር፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ወዳለ ፋርማሲ ገቡ። የሻሽወርቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ስትነሳ አባቷን እያሳላቸው ስለነበር ልትቀር አስባ ነበር። እሳቸው ግን «ሂጂ! እኔን ስትጠብቂ ቪዛው ያረጃል» ብለው ገፏት። «ብቻ ከዘራ ይዘሽልኝ ነይ። ያንን የሚታጠፈውን። የኔው በየሚኒባሱ የሰው እግር እየመታ አሰደበኝ።»

አገኘችው። ጥቁር፣ አራት ቦታ የሚታጠፍ፣ ጫፉ ላስቲክ። ስትለቀው ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብሎ ራሱ ተዘረጋ። «እሰይ!» አለች። ከዚያ ጎበጥ ብላ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በመድኃኒት መደርደሪያዎቹ መሃል አካሄዳቸውን እያስመሰለች ሄደች። «‹አንተ ሹፌር! ቀስ በል፤ የጫንከው ሽንኩርት አይደለም!›» ቁርጥ አባባ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቋንቋውን ሳታውቅ ሳቀች።

ማያ ወደ ሆሣዕና ጆሮ ተጠጋች። እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች፣ አማርኛዋ እንደፈለገ የሚሄድ ልጅ ናት። «ሆሲ፣ ይሄ ነገር በጣም ክሪፒ ነው፣ ያስፈራል። አይ ሚን... እሷ እኮ ሃፒ ናት። ለምን አትነግሯትም?»

«ዝም በይ።»

«እኔ ብሆን ሁላችሁንም ሄት አደርጋችሁ ነበር።»

«ማያ፣ ዝም በይ አልኩሽ!»

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለች የሻሽወርቅ። «ነይ ሆሲ፣ ከከዘራው ጋር ፎቶ አንሺኝና ላኪለት። ኔትወርኩ ሲመጣ መጀመሪያ ይህንን ይይ።»

ሆሣዕና አነሳቻት። በፎቶው ላይ እናቷ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። «ላክሽው?» «እ... ላክሁት» አለች። እዚህ ላይ አልዋሸችም፤ በእርግጥ ላከችው። ለምን እንደላከችው ግን ራሷም አታውቅም። ከፎቶው ሥር አንዲት ምልክት ብቻ ወጣች። ሁለተኛዋ፣ መድረሱን የምትናገረው፣ ሳትመጣ ቀረች።

ሲመለሱ ሊፍት ውስጥ እማማ ክብረትን አገኟቸው። ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ አዛውንት ናቸው። በሕንፃው ያለ አበሻ ሁሉ ደስታም ሐዘንም ሲገጥመው በራቸውን ያንኳኳል። የሻሽወርቅ ከዘራውን አጥፋ ዘርግታ አሳየቻቸው። «ለአባቴ ነው እማማ! እንዴት ነው?»

«ይበል... ይበል የኔ ልጅ» አሉ እማማ ክብረት። ዓይናቸው ግን ሆሣዕና ላይ አረፈ። ሊፍቱ ዘጠኝ ላይ ሲቆም፣ «አንቺ፣ ይቺን የድንች ከረጢት ያዢልኝ እስቲ» ብለው አስከትለዋት ወረዱ።

ከረጢቱ ሁለት ድንች ነበረበት። በሩን ዘግተው ወንበር ሰጧት።

«ፍቅርአዲስ ነግራኛለች» አሉ። «ከስተሻል።»

ሆሣዕና አንገቷን ደፋች። «እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ማወቅ ይፈልጉ ነበር?»

አዛውንቷ ጠረጴዛውን በእጃቸው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር። «እናቴ ስትሞት እዚህ ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነው። ፓርክዴል ሰፈር አንድ ክፍል ለአምስት ተከራይተን ነበር። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ደብዳቤውን ደበቁት። ‹ሥራ ትያዝ፣ ትረጋጋ› ብለው። የተነገረኝ በዓመት ከስድስት ወሬ ነው። በመሃሉ ሠርጌ ነበር።»

«ሠርግዎ?»

«የራሴ ሠርግ። ጨፈርኩ። ‹እናቴ በደስታ ታልቅስ ዛሬ› እያልኩ። እነሱም እያወቁ እልል አሉልኝ። ከሞቷ ይልቅ የኔ ሳቅ ነው የሚቆጨኝ። ያንን የሠርግ ፎቶ እስከ ዛሬ አላየውም።»

«ታዲያ ልንገራት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ! አባትሽም ሞኝ አይደለም። አውቃ አሥራ ሦስት ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ ቀላል ይመስልሻል? የማያቃጥል መንገድ ቢኖር አሳይሽ ነበር።» ድንቾቹን ከከረጢቱ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እኔ ግን በጊዜ ነው የምነሳው። በሬ አይቆለፍም።»

እራት ላይ የሻሽወርቅ ዳቦ በእንቁላል እየሞላች በፎይል ትጠቀልል ነበር፤ ሐሙስ የናያግራ ፏፏቴ ቀን ነው። «አየው ሆሲ? ፎቶውን?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ድምፄን ቅጂልኝ፤ ሲመጣለት ይስማው።» እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «አባባ! ከዘራህን ገዛሁልህ። ነገ ናያግራ ይዤው እሄዳለሁ፤ አንተ ባታየው እሱ ይይልህ። መድኃኒትህን ውጥ እሺ? ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። ጠብቀኝ።»

ያሬድ ከጠረጴዛው ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። የቧንቧው ውኃ ብዙ ፈሰሰ። ሆሣዕና አውራ ጣቷን «ላክ» ከሚለው በላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። አልላከችውም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ ያሬድ ኩሽና ውስጥ ጫማውን ሲያስር ልጁ ከፊቱ ቆመች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ዛሬ አልይዝም አባዬ።»

«ሆሲ... ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረው።»

«ናያግራ ላይ ከከዘራው ጋር ፎቶ አንሺኝ ትለኛለች። አላነሳትም።»

ያሬድ ወደ ጓዳው በር አየ፤ ከውስጥ የሻሽወርቅ ታንጎራጉራለች። «ወንድሟም ዘመዱም በሌለበት... ማን ይይዛታል?» አለ በሹክሹክታ። ልጅ ይመስል ነበር።

«አንተ አለህ። እኔም አለሁ። እማማ ክብረትን ልጠራ ነው።»

ሂጂ አላላትም። ቁሚም አላላትም። የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ።

ማያ ሶፋው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። «ሆሲ፣ እኔስ ምን ላድርግ?»

ሆሣዕና አሰበች። «ወረቀት አለሽ? በእንግሊዝኛ ጻፊ። ይህ ቤት ሐዘን ላይ ነው፣ ጩኸት ብትሰሙ አትደናገጡ፣ ፖሊስ አትጥሩብን በይ። ጎረቤቶቹ በር ላይ ለጥፊ።»

«ኦኬ። ኦኬ... ፕሊስ ልበል?»

«ፕሊስ በይ።»

ደረጃውን በእግሯ ወረደች፤ ሊፍቱን ብትጠብቅ ሐሳቧን የምትለውጥ መሰላት። የዘጠነኛ ፎቁ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እማማ ክብረት ለብሰው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እንደ ደኅና ቀን ነው የለበሱት። ሆሣዕና ወደ ጥለቱ ስታይ፣ «ስትሰማ እዘቀዝቀዋለሁ» አሉ። «ነጠላዬ ቀድሞ እንዳይነግራት። ከአፍሽ ትስማው።»

«ከእኔ?»

«እኔ ከጎኗ ነኝ።»

ሲገቡ ፍቅርአዲስ የበረንዳውን በር በዝግታ ዘጋች። ማንም ምንም አላላትም፤ ራሷ ነው የዘጋችው። ያሬድ አንድ ወንበር ወደ ቤቱ መሃል ስቦ ከጀርባው ቆሞ ነበር። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ሁለት እጆቹ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠዋል።

የሻሽወርቅ ከጓዳ ወጣች፤ አዲሱን ጃኬቷን ለብሳ፣ ከዘራውን ዘርግታ ይዛለች። «እማማ! እርስዎም ናያግራ ሊመጡ ነው?» አለች እየሳቀች። ከዚያ ወንበሩን አየች። ባሏን አየች። ሳቁ አፏ ላይ እንዳለ ነበር፤ ገና አልወረደም።

ሆሣዕና ተጠግታ ከዘራውን ከእናቷ እጅ ወሰደችው። ቀስ ብላ አጠፈችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ በነፃው እጇ የእናቷን እጅ ያዘች። እጁ ሙቅ ነበር።

«እማዬ» አለች፤ «ቁጭ በይ።»