የአራት ሰዓቱ ንባብ

ቴክኒሻኑ ጋትደት ሞቶ የተገኘው በባሮ ዳርቻ ባለው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ፣ የፍሰት መለኪያው በተገጠመበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ በውሃ ተሞልቷል። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ ደረቁ ሲሚንቶ ላይ፣ ባርኔጣው ተቀምጧል፤ በውስጡ ስምንት ብሎኖች ከነዳዶዎቻቸው።

ኢንስፔክተር ኛቾል ስትደርስ ቀድመው የመጡት ፖሊሶች ሥራቸውን ጨርሰው ነበር። በግቢው ውስጥ ደመወዟ ከሁሉም የሚያንሰውን ሰው፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ኦፕሬተር ሽታዬን፣ በካቴና አስረዋል።

«ጋትደት ሦስት ተኩል ላይ ደወለልኝ፣ ቫልቩን ዘጋሁለት» አለች ሽታዬ። «‹ደርቋል፣ መፍታት ልጀምር ነው› አለኝ። ከዚያ ክሎሪን ልመዝን ከሕንጻው ወጣሁ።»

«መለኪያውን ለምን ይፈታዋል?»

«ከሰዓት ለሚመጣው የግዥ መርማሪ ኮሚቴ ሊያሳየው። ከሲስተማችን ጋር አይግባባማ! ሲስተሙ የሚቀበለው በሚሊአምፔር የሚመጣ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ይሄ የሚልከው የሚቆራረጥ ምት ብቻ ነው። ስለዚህ ጋትደት በየሰዓቱ ወርዶ ያነባል፣ ይደውልልኛል፣ እኔ በእጄ አስገባለሁ። ስድስት ወር ሙሉ!»

የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነር በሪሁን ሦስት ሰርተፍኬት ከሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ጠበቃት።

«እህቴ፣ ነገሩ ቴክኒካል ነው፣ አላደክምሽም። ልጅቷ ቫልቩን መዝጋት ረስታለች። የአራት ሰዓቱ ንባብ ስክሪኑ ላይ አለ፤ ሰማንያ ሁለት። ውሃው አልቆመም ማለት ነው።»

«ሰማንያ ሁለት ምን?»

«ሜትር ኩብ በሰዓት ነዋ! የተለመደው ፍሰት ነው። ጠዋት መለኪያው ላይ ራሴ አይቼዋለሁ።»

«መለኪያውን የመረጡት እርስዎ ነዎት?»

«በግሌ» አለ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

አራት ሰዓት ላይ በሕንጻው ውስጥ ከእሱ ሌላ የነበረው መለኪያውን ያቀረበው ነጋዴ ኻሊድ ብቻ ነው።

«ኢንጂነሩን ‹ምን ዓይነት ምልክት እንደምትፈልጉ ጻፍልኝ› አልኩት» አለ ኻሊድ። «‹ቁጥሩ ትልቅ ይሁን፣ ደመቅ ብሎ ያብራ› አለኝ። ወላሂ፣ ቴሌቪዥን የሚገዛ ነው የመሰለኝ!»

«ቁጥሩን በምንድን ነው የሚያሳየው?»

«በሊትር በሰከንድ። የእነሱ ስክሪን በሜትር ኩብ በሰዓት ነው። በሦስት ነጥብ ስድስት ይባዛል። ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን ስልኩን ይነካካ ነበር።»

ኛቾል ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ውሃ ከሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ስምንት ብሎን አይፈታም። ሁለተኛው ሲላላ ፊት ላይ ይረጫል። ጋትደት ግን ስምንቱንም ፈትቶ፣ ባርኔጣው ውስጥ አስቀምጦ፣ ተመልሶ ወርዷል። ስለዚህ ሽታዬ ዘግታለች። ሽታዬ ስትወጣ ሌላ ሰው ከዚህ ክፍል ቫልቩን ከፈተ፤ ውሃው ጭራሽ እንዳልቆመ ለማስመሰልም የአራት ሰዓቱን ቁጥር አስገባ።»

«ራሷ ብትሆንስ?» አለ በሪሁን።

«ራሷን የሚያሳስር ቁጥር ታስገባለች? ደግሞ ሰንጠረዡን ይመልከቱ። አንድ ሰዓት ላይ 288። ሁለት ሰዓት 291.6። ሦስት ሰዓት 295.2። አራት ሰዓት ላይ 82! ሽታዬ ስድስት ወር ሙሉ ስታባዛ ኖራለች። ኻሊድም ማባዛቱን ያውቃል። መለኪያው ላይ ያየውን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ኮሚቴው መለኪያውን ቢያይ ወንበርዎን ያጡ ነበር፤ ለወንበር ብለው ሰው አሰጠሙ።»

በሪሁን ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ፖሊሱ ካቴናውን ከሽታዬ እጅ ፈትቶ ወደ እሱ ሲመጣ እንኳ ዞር አላለም።

«ግን» አለ በመጨረሻ፣ «ለምንድን ነው በሦስት ነጥብ ስድስት የሚባዛው?»

ሽታዬ አንጓዋን እያሻሸች አየችው። ከዚያን ቀን በፊት አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

«ጋትደት ሊያስረዳህ ስድስት ወር በርህ ላይ ቆሟል» አለችው።