ስድስተኛው ትሪ

«ፍሪዘሩን ማን ክፈት አለህ?» ብላ ስትጮህበት ድንቡሼ ክው አለ።

የሰባት ዓመት ታናሽ ወንድሟ በእጁ ትንሽ የፌስታል ቋጠሮ ይዟል። ቀማችውና ፈታችው። ቅድም ለምሳ ያቀረበችለት ሥጋና ድንች፣ እንዳለ! እሷ ደግሞ ሳህኑን ባዶ አይታ «ጎበዝ፣ ጥርግ አደረገው» ብላ ደስ ብሏት ነበር። ወደ ፍሪዘሩ ጎንበስ ስትል ከበረዶው ሥር ሌሎች ሦስት ቋጠሮዎች አገኘች።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«የእማዬ ነዋ» አላት። «ካልበላነው እኮ አያልቅም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ምግቡ ያን ያህል የሚያስቸግር አይደለም። የተፈጨ ሥጋ ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከአተር ጋር ይበስላል፤ ከላዩ የተደፈጠጠ ድንች ይለብስና ቀላ እስኪል ኦቭን ይገባል። እናታቸው «ባለ ብርድ ልብሱ» ነበር የምትለው። ሆስፒታል ልትገባ ሰሞን፣ መቆም ሲያቅታት ተቀምጣ ድንች እየላጠች፣ ስድስት ትሪ ሠርታ በፎይል ሸፍና ፍሪዘር ውስጥ ደረደረችላቸው። «እሑድ እሑድ አሙቃችሁ ብሉ፤ ስድስቱ ሳያልቁ እመለሳለሁ» አለቻቸው። አልተመለሰችም።

ስድስቱማ ካለቁ ቆዩ። በሰባተኛው እሑድ ድንቡሼ «ዛሬም የእማዬን ነው አይደል?» ብሎ ሲጠይቃት ካፏ የወጣው «አዎ» ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሱ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ ጠብቃ ትሠራለች። አውቶቡስ ነጂው አባታቸው ነገሩን ቢያውቅም «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ለሷው ተወው። ወይ ጉድ! የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምኑን ታውቅና!

«ስንት ቀረ?» አላት ድንቡሼ።

«አይዞህ፣ ገና ብዙ አለ» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ግን ቋጠሮዎቹን አየቻቸው። ልጁ አራት እሑድ ሙሉ ምሳውን እየደበቀ በደረቅ ዳቦ ውሏል።

«ድንቡሼ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ምኑን?»

«ይሄን። ያለፈውንም፣ ከዛ በፊቱንም።»

«ውሸትሽን ነው!»

«እውነቴን ነው። የእማዬ አልቋል።»

ይጮህብኛል፣ ቋጠሮውን ይወረውርብኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታዲያ የእማዬ የመጨረሻው የቱ ነበር?» አላት።

«ካርቱን እያየህ የበላኸው።»

«ግማሹን የተውኩት?»

«እሱ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። «ብትነግሪኝ እኮ ቀስ ብዬ እበላው ነበር።»

እሷማ ታውቅ ነበር። ያን ቀን እያንዳንዷን ማንኪያ አላምጣ፣ አላምጣ ነው የዋጠችው። የሱን ትራፊ ደግሞ በገዛ እጇ ቆሻሻ ውስጥ ደፍታዋለች። ለብቻዋ ተሰናብታ እሱን ስንብቱን ነፈገችው።

«ይቅርታ» አለችው።

ድንቡሼ ማንኪያ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ከዛሬው ቋጠሮ ትንሽ ቆንጠር አድርጎ ቀመሰና ቀና ብሎ አያት።

«ልክ እንደ እማዬ ነው፣ አይደል?»

አዎ በይኝ እያለ ነው፤ ዓይኑ ያስታውቃል። ቃሉም ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይደለም» አለችው። «የሷ ይበልጣል። ምን እንደምትጨምርበት ሳልጠይቃት ቀረሁ።»

ድንቡሼ ማልቀስ የጀመረው ያኔ ነው። ዝም በል አላለችውም። ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ አብራው አለቀሰች።