የቀኛዝማች ገሠሠ መኪና ጣራ

ቀኛዝማች ገሠሠ ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በገዛ መኪናቸው ጋቢና እንደ ተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከግራ ዓይናቸው በላይ ያለው አጥንት ተሰንጥቋል። መኪናዋ ጣሊያን ጥሏት የሄደ አሮጌ ናት፤ ጣራዋ ከሸራና ከብረት የተሠራ፣ ተከፍቶ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። አገሬው ሬሳው ሳይገነዝ ገዳዩን አወቅሁ አለ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በዚያው ሰሞን ጣራውን የጠገነው ቤተ እስራኤላዊው ቀጥቃጭ ያርጋል ነዋ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ሰው ይበላል የሚል ሕዝብ ማስረጃ መቼ ይቸግረዋል? ማረሻው ሲዶለዱም ግን ወደ ያርጋል ነው የሚሮጠው። ያን ጊዜ ቡዳነቱ ትዝ አይለውም።

መቶ አለቃ ጀምበሩ ከጎንደር ተልኮ ሲደርስ ያርጋል የፊጥኝ ታስሮ ነበር። አገሩም ወንጀለኛውን በአደባባይ ተጠያይቆ ሊያወጣ፣ አውጫጭኝ ለመቀመጥ ሜዳው ላይ ይሰበሰባል። ሰብሳቢው መምሬ ወልደ ሩፋኤል ቀጭኑን መኮንን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ገዳዩ ታውቋል ልጄ፤ ምን አደከመህ?»

«ከታወቀ አውጫጭኙ ለምን ተጠራ፣ አባ?»

መምሬ ዞር ብለው ሰዉን ያስቀምጡ ጀመር።

መቶ አለቃው በመጀመሪያ ያስጠራው የሟቹን የወንድም ልጅ፣ አለኸኝን ነው።

«መኪናዋን ስትነዳ የነበርህ አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ። ወደ ጎንደር እየሄድን ነፋሱ በረታ። ጣራው ይንኳኳል፣ ያፏጫል፤ መደማመጥ አቃተን። አጎቴ ተቆጡና ‹አቁምና እጠፈው› አሉኝ። ሳጥፈው አንዱ ብረት ወልቆ ግንባራቸውን መታቸው።»

«ሲገኙ ግን ጣራው ተዘርግቶ ነበር።»

«ዝናብ እንዳይመታቸው መልሼ ዘረጋሁት። ከዚያ ሰው ልጠራ በእግሬ ሮጥሁ።»

«መኪና እያለህ በእግርህ?»

«አልነሣ አለችኝ።»

«ጎንደርስ ለምን ነበር የምትሄዱት?»

አለኸኝ ጫማውን ተመለከተ። «የአጎቴ ጉዳይ ነው።»

ጉዳዩን የተናገሩት የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋነሽ ናቸው። ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል።

«ልጅ አልወለድንም። ርስቱን ለአለኸኝ ሊያወርሱ አስበው ነበር። ጭሰኞቹን ሲገርፍ አዩና ሐሳባቸውን ለወጡ። በስሜ ሊያዛውሩልኝ ነበር የሚሄዱት።»

«አለኸኝ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ፊት ለፊት ነግረውታል። ቢሆንም ሥጋቸው ነው፤ በአጎቱ አይጨክንም። የገደለብኝ ያ ቀጥቃጭ ነው። እጁ የነካው ብረት ነው ባሌን የበላብኝ።»

መቶ አለቃው አልተከራከረም። ወደ ያርጋል ሄደና የታሠረበትን ገመድ በራሱ እጅ ፈታ። ያርጋል የተላጠ እጁን እያሸ ቆመ፤ አመሰግናለሁ አላለም።

«ገደልኸው ወይ ሊሉኝ ከሆነ መልሻለሁ። ጅብ ነህ ወይ ሊሉኝ ከሆነ ግን አፌን አላበላሽም» አለ።

«የምጠይቅህ ሥራህን ነው። ጣራው ምን ሆኖ ነበር?»

ያርጋል ቀና ብሎ አየው። «እስካሁን ‹በላኸው› እንጂ ‹ምን ሠራህ› ያለኝ የለም። ሁለት ደዌ ነበረው። አንዱ ነፋስ ነው፤ በሸራውና በመስተዋቱ መካከል እየገባ ያፏጫል። እዚያ ላይ የባና ቁራጭ ሰፋሁበት፤ የበግ ጠጉር ነፋስ አያሳልፍም። መንኳኳቱ ግን የማጠፊያዎቹ ነው፤ ብረታቸው ተበልቶ ሰፍቷል። እነሱንም በባና ሸፈንሁና ከላይ በእርጥብ ጠፍር ጠመጠምኋቸው። ጠፍር ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«ጠፍር አልጋ ላይ ነው ያደግሁት።»

«እንግዲያው ሥራዬ ያውና ቆሟል፤ እሱን ይጠይቁት። ከነካሁት ብረት አንድ የላላ ካገኙ አንገቴን እሰጣለሁ።»

መቶ አለቃው መኪናዋ ውስጥ ገባና እጁን ከሸራው ሥር ሰድዶ ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከዚያ ወጥቶ አብሮት የመጣውን ፖሊስ ጠየቀው።

«ይህች መኪና በምን ትነሣለች?»

«ባትሪዋ ሞቷል ጌታዬ። ከፊቷ ጠማማ ብረት አስገብተው እየዘወሩ ነው የሚያስነሷት።»

«ብረቱን አምጣልኝ።»

ፖሊሱ ከወንበር ሥር ፈለገ፣ ከኋላም ፈለገ። ብረቱ የለም።

መኪናዋን ሰዎች እየገፉ ሜዳው መካከል አቆሟት። አገሩ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ያርጋል እንደ ወትሮው ከሰው ተነጥሎ ዳር ቆመ።

«አለኸኝ» አለ መቶ አለቃው፣ «ጣራውን እንዴት እንዳጠፍኸው ለአገሩ አሳይ።»

አለኸኝ ከፊት ያለውን መያዣ አላቀቀና ጣራውን ወደ ኋላ ገፋው። ፍንክች አላለም። በጉልበቱ ተደግፎ ጎተተ። ግንባሩ አላበው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ።

«ተወው» አለ መቶ አለቃው። የሸራውን ስፌት በጩቤ ተርትሮ ማጠፊያውን ገለጠው። ጠፍሩ ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። «እዩት። ያልተቆረጠ፣ ያልተፈታ ነው። ይህ ጣራ ከተጠገነ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። ካልታጠፈ ሲታጠፍ የወለቀ ብረት የለም። ቢወልቅስ? ዙሪያውን ባና ለብሷል፤ ያሳብጥ እንደሁ እንጂ አጥንት አይሰነጥቅም። ቁስሉ በግራ በኩል ነው፤ በቀኛዝማች ግራ የተቀመጠው ደግሞ ሹፌሩ ብቻ ነው። ሞተር ማስነሻው ብረት ጠፍቷል። መኪናዋ አልነሣ አለችኝ ብለሃል። እንዴት ትነሣ? ማስነሻውን መትተህበት ጥለኸዋል።»

«ያ ቡዳ ነው» አለ አለኸኝ። «ከሞቱ በኋላ መጥቶ ጣራውን አስሮት ነው።»

«ከሞቱ ጀምሮ የታሠረው እሱ ነው። በዚህ ጉም ደግሞ እርጥብ ጠፍር በአንድ ጀምበር እንዲህ አይደርቅም።»

ያርጋል ከዳር ሆኖ ተናገረ። «ቀኛዝማች ራሳቸው ናቸው እሰረው ያሉኝ። ‹በደባርቅ ብርድ ጣራ የሚከፍት እብድ ነው› አሉ። ‹ለአለኸኝ ግን አትንገረው፤ ሊከፍተው ሲታገል አይቼ ልሳቅበት› አሉኝ።»

አለኸኝ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ብረቱ ገደል ውስጥ ነው» አለ። «ርስቱ ያንተ ነው እያሉ አሳድገውኝ ነበር።»

ፖሊሱ ይዞት ሄደ። መምሬ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ።

«በል ያርጋል፣ እግዚአብሔር አውጥቶሃል። በሰላም ቤትህ ግባ።»

ያርጋል ከዳር መጣና ክቡ መካከል ተቀመጠ።

«አልገባም» አለ። «አውጫጭኝ ሳይጨርስ አይበተንም፤ ሕጉ የእናንተ ነው። ቡዳ ያላችሁኝ በአደባባይ ነው። ሰው ነህም በአደባባይ በሉኝ። አንድ በአንድ።»

ሜዳው አጉረመረመ። «ድፍረቱን እዩልኝ» ያለም ነበር። መምሬ ወደ መኮንኑ ዞሩ።

«በትንልን እንጂ ልጄ።»

«እኔ ልሰማ ነው የመጣሁት፣ አባ» አለና መቶ አለቃው ያርጋል አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። እስከ መካከል መጥተው ቆሙ። «ገዳዩን ከቤቴ አስቀምጬ የባሌን ደም አንተ ላይ ጫንሁ። ሰው ነህ፤ አፍራለሁ» አሉና እያለቀሱ ተመለሱ።

ያርጋል አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተቀበላቸው። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«እርስዎስ፣ አባ?»

መምሬ መስቀሉን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ሰዉ ሁሉ አፋቸውን ያያል።

«ሰው ነህ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለ ያርጋል።